ሁለት ጊዜ ያጠረ መለኪያ

የተፈጠርኩት ለጭንቀት ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ ጥላሽን ብታዪ ትሮጫለሽ» ትለኛለች፤ አታጋንንም። ከቤት ከወጣሁ በኋላ ምድጃውን ማጥፋቴን ለማየት ተመልሼ የማልገባበት ቀን የለም። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ለዚህ ጠባዬ ሆን ብሎ የመረጠልኝ የሚመስል ሥራ ሰጥቶኛል። ደንበኛ ያመጣውን ፋይል እቀበላለሁ፣ ገጹን አስተካክላለሁ፣ ቀለማቱን እለያያለሁ፣ ከዚያ ማተሚያው ላይ የሚጠመጠመውን፣ ሥዕሉ የተቀረጸበትን ፕሌት አወጣለሁ። ከእኔ እጅ ያመለጠ ስህተት ብቻውን አይወጣም፤ በሺህ ተባዝቶ ነው የሚወጣው።

ይህን ሁሉ የምሠራበት ፕሮግራም አርጅቶ ነበር። የሠራው ድርጅት ለሌላ ከተሸጠ ቆይቷል፤ የድሮው ስልኩ ቢደወል የሚያነሳው የለም። የተጫነበት ኮምፒውተር እኔ ክፍል ጥግ ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ከጠፋ መልሶ ይነሳል ብሎ የሚምል ሰው ስለሌለ ማንም አያጠፋውም። ከኋላው አውራ ጣት የምታህል፣ የፕሮግራሙ ፈቃድ ያለባት ቁልፍ ተሰክታለች፤ እሷ ከተነቀለች ፕሮግራሙ አለቀለት። የጽዳት ሠራተኛዋን መጥረጊያዋን ወደዚያ እንዳታስጠጋ ለምኛታለሁ። አቧራውን የማነሳው ራሴ ነኝ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ትንፋሼን ይዤ። ጠዋት ስገባ ሠራተኛው ሁሉ «በሽተኛው እንዴት አደረ?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔም «ደህና አድሯል» እያልኩ አብሬ እስቃለሁ። የማራገቢያው ድምፅ በተቀየረ ቁጥር ግን ሥራዬን ጥዬ ጠረጴዛው ሥር እጎነበስ ነበር።

የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ሰኞ ክፍሌ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ጋሼ በር ዘግተው ካወሩ ነገሩ ቀላል አይደለም።

«ይሄ በሽተኛ አንድ ቀን ይሞትብናል» አሉ ወደ ጥጉ እያዩ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ይሰማል።»

አልሳቁም። «ሁለት መንገድ አለ አሉኝ። ወይ ይሄንኑ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ሥሪት እናሳድገዋለን፣ ወይ ጥለነው ሌላ እንገዛለን። የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ የምትወስኚውም አንቺ ነሽ። እስከ ዓርብ መልሱን ንገሪኝ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? እኔ እንደሆንኩ ማውሱን እንኳ ገልብጬ ነው የምይዘው።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አሮጌውን ለማሳደግ በሽተኛውን ማጥፋት፣ ከፍቶ ሆዱን መነካካት ያስፈልጋል። ባይነሳስ? የዓመታት ሥራችን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ መግዛት ደግሞ ከዜሮ መጀመር ነው፤ እያንዳንዱን ቁልፍ፣ እያንዳንዱን ሳጥን እንደ አዲስ መማር። የቱንም ሳስበው ጭንቅ ጥብብ አለኝ። በመጨረሻ አዲሱን ለሙከራ እናስገባ አልኩ። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት የተሻለ ነው ብዬ አይደለም። አዲሱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫን በሽተኛውን የሚነካው አይኖርም፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልገኝም ነበር።

የሻጩ ድርጅት የላከው ሰው ከረባት ያሰረ፣ ፈጣን ተናጋሪ ወጣት ነበር። ሲጭነውም ሲያሳየኝም እጁ አያርፍም።

«ሁሉንም ነገር በራሱ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

«ሁሉንም ስትል?»

«ሁሉንም! እርስዎ ፋይሉን መስጠት ብቻ ነው። አይጨነቁ።»

እኔን አትጨነቂ ማለት አትተንፍሺ ማለት ነው። ቢሆንም ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ሰው ፊት ሞኝ መምሰልም ያስፈራኛል።

በአዲሱ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ የክንድ መለኪያው ነው። ሕፃናት ያሏት እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የልጁ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ቀለም አለው። የልጁ ክንድ አረንጓዴው ላይ ከደረሰ ደህና ነው። ቢጫው ላይ ከቀረ ክትትል ይፈልጋል። ቀዩ ላይ ከቀረ ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ነገ ዛሬ አይባልም። ይህን መለኪያ ለዓመታት አትመነዋል፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ እስከማለት ደርሼ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለው። ይህ የሚታተምበት ፕሌት እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነው። የማተሚያው ሲሊንደር ላይ ሲጠመጠም ሥዕሉ በርዝመቱ ይሳባል። ስለዚህ ሥዕሉን በሚሳበው ልክ አስቀድሞ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ያጠረው ሲሳብ ትክክለኛው ርዝመት ላይ ይመጣል። አሮጌው ፕሮግራም ይህን ስለማያውቅ ሁልጊዜ የማሳጥረው በእጄ ነው። ለማረጋገጫ በወረቀት የማወጣው ናሙናም እንደዚያው አጭር ይሆናል። እንዲያውም ናሙናው አጭር ሆኖ ካላየሁት እደነግጣለሁ። ሌላ ሰው ቢያየው ተሳስቷል የሚለው ነገር እኔን ያረጋጋኝ ነበር።

በአዲሱም ያንኑ አደረግሁ። ሥዕሉን አሳጠርኩ፣ ናሙናውን አወጣሁ፣ አጭር ሆኖ መጣ። ልቤ አረፈ። ከዚያ የፈራሁትን ሁሉ በማጉያ መነጽር ፈተሽኩ። ቀዩ ደብዝዞ ይሆን? ቁጥር ጎድሎ ይሆን? ቀጭኗ መስመር ጠፍታ ይሆን? ምንም አልጎደለም። ፕሌቱን አወጣሁና ለአታሚው ሰጠሁት፤ እሱም አተመው። አንዱ ካርቶን በማግስቱ ጠዋት ሰፈራችን ላለው ጤና ጣቢያ ሄደ፤ አልቆባቸው ሲጨቀጭቁን ነበር። የቀረው መኪና እስኪመጣለት መጋዘን ገባ።

አታሚያችንን ዝሆኔ እንለዋለን። ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ቱታው ውስጥ ሌላ ሰው ጨምሮ ማስገባት ይቻላል። ሚስቱ ያልሞከረችው ነገር የለም፤ እሱ ግን ቢበላ ቢበላ አይታይበትም። መለኪያው በታተመ ቁጥር አንዱን አንስቶ የራሱን ክንድ የመለካት ልማድ አለው። ለመቀለድ ነው ይላል፤ ሲለካ ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አይታይም።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ፣ ጥብጣቡ ክንዱ ላይ እንደተጠመጠመ ወደ ምግብ ክፍሉ ገባ።

«ወፈርኩ!» ብሎ ጮኸ። «እዩ! እዩ እንጂ! ስንት ዓመት ሙሉ ከዚህች መስመር ንቅንቅ ብዬ አላውቅም። ዛሬ አልፌያታለሁ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «የማን ወጥ ነው?» አለ አንዱ። «ቆይ፣ ቱታ እንዳናሳዝዝልህ» አለች ሌላዋ። ዝሆኔ ጥርሱ አልከደን አለው፤ ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ሊደውል ሁሉ ነበር።

እኔ ክው አልኩ።

ካለፈው ኅትመት ወዲህ ሰው ሊወፍር ይችላል። እሱ ግን ዝሆኔ ነው። ማንኪያዬን አስቀምጬ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። መሳቢያዬ ውስጥ ካለፈው ኅትመት የቀረ አንድ መለኪያ ነበረኝ። አዲሱን ከጎኑ ዘረጋሁና ጫፋቸውን አጋጠምኩ። መጀመሪያ ላይ ልዩነት የላቸውም። ዓይኔ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር መስመሮቹ ትንሽ በትንሽ ተለያዩ፤ ቀዩ የሚያልቅበት ጋ ስደርስ አዲሱ በጥቂት ሚሊሜትር ቀድሞ አለቀ። የብረት ማስመሪያውን አነሳሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ አልተሳሳትኩም።

ሁሉንም በራሱ ነው የሚያደርገው። ያ ልጅ ያለኝ ይህንን ነበር። አዲሱን ፕሮግራም ከፍቼ የፕሌቱን ገጽ ፈለግሁ። አለ፤ ማሳጠሪያ የሚል ትንሽ ሳጥን፣ ምልክት ተደርጎበት። እኔ በእጄ ያሳጠርኩትን እሱ በራሱ ደግሞ አሳጥሮታል። ሙሉ ርዝመት ያለው ፋይል ይጠብቅ ነበር፤ እኔ አጭሩን ሰጠሁት። ናሙናው የወጣው ከሁለተኛው ማሳጠር በፊት ስለነበር ዓይኔ የለመደውን ያንኑ አጭር ወረቀት አሳየኝ።

ያጠረ መለኪያ የከሳ ክንድ ያወፍራል። ቀይ የሆነውን ልጅ ቢጫ ይለዋል፣ ቢጫውን አረንጓዴ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት አንድ ነገር አለ፤ የኔ ስህተት ሰው እንዳይጎዳ። አሁን ያ ነገር ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ በእኔው ፈቃድ፣ ከግቢ ወጥቷል።

ጋሼ ቢሮ ስገባ ዝሆኔ ተከትሎኝ መጣ። ሁለቱንም መለኪያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አዩ። አይተው እስኪጨርሱ የማላስበው ነገር አልነበረም፦ ያባርሩኛል፣ እታሰራለሁ፣ ወይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከፋውን፣ «ይቺን ማን ያያታል?» ይሉኛል።

«ስንት ካርቶን ወጥቷል?» አሉ።

«አንድ። ጤና ጣቢያ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ስወጣ ዝሆኔ በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን በእጁ ይዞ ነበር። «እና… ያው ነኝ ማለት ነው?» አለኝ። በጎኑ አልፌው ሮጥኩ።

ስልኩ አልነሳ ስላለኝ በእግሬ ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፣ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። የጫማ ጠጋኙ፣ የሞባይል ሱቁ፣ ግማሹ የተቆፈረው አስፋልት፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ሰዎች ይሳሳቃሉ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ስታልፈኝ ዓይኔ ከልጁ ክንድ ላይ አልነሳ አለ። እጅጌው ረጅም ነበር።

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ጠና ያሉ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ካርቶናችን ጠረጴዛቸው ሥር አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ሲስተር፣ በዚህ ለክተዋል?»

«ጠዋት ነው የከፈትኩት። ምነው?»

ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። አሮጌውን ከእጄ ወስደው ከአዲሱ ጋር አጋጠሙት፤ ከዚያ ቀዩ የሚያልቅበት ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አብዛኞቹ ከመስመሩ የራቁ ናቸው» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «አረንጓዴዎቹ በደንብ አረንጓዴ ነበሩ። በዚህች ልዩነት ቀለማቸው አይለወጥም። ለማንኛውም ሁሉንም አስጠራለሁ።» ከዚያ ቀና አሉ። «አንድ ልጅ ግን አለ።»

«ምን?»

«ቢጫው መጀመሪያ ላይ ነበር። ልክ እዚህ ጋ። ከቀይ ተረፈ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ይስላል፣ ምግብም እምቢ ብሏል። ቀይ ቢሆን ዛሬውኑ አስተኛው ነበር። ቢጫ ስለሆነ ለቤቱ የሚሆን ምግብ ሰጥቼ፣ እናትየውን ሳምንት ተመለሺ ብዬ ሸኘኋት።»

ወንበር ፈለግሁ፤ የለም። ግድግዳውን ያዝኩ።

«ቤቷን አውቀዋለሁ» አሉ ሲስተር ገዋናቸውን እያወለቁ። «ከወፍጮው ጀርባ ነው። ነይ።»

መንገድ ላይ ጋሼ ደወሉ። ካርቶኑን ማግኘቴን ነገርኳቸው፤ ስለ ልጁም ነገርኳቸው። ከዚያ «ይሄ ባለ ከረባት ፊቴ ተቀምጧል» አሉ። «የተጠቃሚ ስህተት ነው ይላል። ሂድ ልበለው? ዕቃህን ነቅለህ ውጣ፣ ወደ በሽተኛችን እንመለስ?»

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚህ የቀለለ መልስ የለም። ወደ አሮጌው፣ ወደማውቀው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወደምሠራበት። ግን አሮጌው ልክ ያወጣልን የነበረው እኔ ማሳጠሩን ስለማልረሳ ነው፤ ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የለም። ነገ ብታመም? እኔ ቦታ የተቀመጠ ሰው ሳያሳጥር ቢልከው? የዚያን ጊዜ መለኪያው ረዝሞ ይወጣል፣ ያንንም ማንም አያይም። እስከ ዛሬ ልክ የሆነው ሁሉ በአንድ ክር እንደተንጠለጠለ ታየኝና ይበልጥ ፈራሁ።

«አያስወጡት» አልኳቸው። «አዲሱን እንውሰድ።»

«ምን አልሽ?»

«አሮጌው ልክ የሚሆነው እኔ እስካለሁ ብቻ ነው ጋሼ። አዲሱ ቢያንስ የሚያደርገውን ጽፎ ያሳያል፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ግን ታትሞ የወጣውን ሌላ ሰው በብረት ማስመሪያ ሳይለካ ምንም ነገር ከግቢ አይውጣ። የኔን መለካት አይቁጠሩት።»

«እሺ» አሉ። «እሺ ልጄ። ልጁን አግኚው።»

ከወፍጮው ጀርባ የቆርቆሮ በሮች ተደርድረዋል። ሲስተር ሦስተኛውን አንኳኩ። የከፈተችው እናት ከእኔ በብዙ ታንሳለች፤ እጇ ሳሙና ነው። ሲስተርን ስታይ ፊቷ በራ።

«ሲስተር! ምነው በደህና? ይግቡ፣ ይግቡ። አሁን ለጎረቤቴ ስነግራት ነበር፣ ከቀዩ አልፏል ብዬ።»

ልጁ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ሲስተር ጎንበስ ብለው እጅጌውን ሰበሰቡ፣ አሮጌውን መለኪያ ጠመጠሙ፣ ሳቡ። ማየት አያስፈልገኝም ብዬ ዓይኔን ልመልስ ፈልጌ ነበር፤ ግን አየሁ። ቀዩ ላይ ነው። ለጥቂት ነው፣ ግን ቀዩ ላይ ነው።

«ልጄ፣ አሁን ይዘነው እንሄዳለን» አሉ ሲስተር። «ጤና ጣቢያ ያድራል።»

እናትየው ጥብጣቡን አየች። ቀለሙን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

«ጠዋት ቢጫ ነው አላችሁኝ እኮ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከጠዋት ወዲህ ከሳ እንዴ?»

ሲስተር ወደ እኔ አዩ። እንዲመልሱልኝ ጠብቄ ነበር። ከዚህ ቤት ወጥቼ ብሮጥ፣ እናቴ ቤት ገብቼ በሩን ብዘጋ ብዬ ተመኘሁ።

«አልከሳም» አልኩ። «ጠዋትም ቀይ ነበር። መለኪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አሳጥሬዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ አየችኝ። ሳሙናውን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ልጁን በብርድ ልብስ ጠቀለለች፣ ልትነሳ ስትል ግን መነሳት አቃታት። እንደገና ሞከረች።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለች። ልጁን ወደ እኔ ዘረጋች። «ያዢልኝ።»

ተቀበልኩት። እንዲህ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ብርድ ልብሱን ብቻ የያዝኩ መሰለኝ። ሲስተር እናትየውን ደግፈው አስነሷት፣ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። አንድ እጄን ጭንቅላቱ ሥር አድርጌ፣ የምረግጠውን እያየሁ እጣደፋለሁ።

«ቀስ በይ፣ እንዳይወድቅብሽ!» አለች እናትየው ከኋላዬ።

ልጁ ሳለ። ደረቱ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ለመተንፈስ ቆየ።

«ኧረ ፍጠኚ!» አለች። «ፍጠኚ በእናትሽ!»

ሁለቱንም ለማድረግ ሞከርኩ።